ውሻ የታመመ ልጃችሁን ሊጎበኝ ሲመጣ፦ በአሜሪካ ሆስፒታል ላሉ ወላጆች መመሪያ

በአሜሪካ የሕፃናት ሆስፒታል ልጃቸው የተኛባቸው ኢትዮጵያውያን ወላጆች አንድ ቀን በሩ ይንኳኳና «ውሻችን ልጃችሁን ቢጎበኝ ትፈቅዳላችሁ?» ተብለው ይጠየቃሉ። አንዳንዱ ደንግጦ «አይሆንም» ይላል። አንዳንዱ ደግሞ በር ድረስ የመጣን እንግዳ መመለስ ነውር ስለሚሆንበት፣ በልቡ እየፈራ «እሺ» ይላል። በሁለቱም መንገድ ልጁ ሳይጠየቅ ይቀራል።

እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ሆስፒታል የተኛ ልጅ መርፌውን አይመርጥም፤ መድኃኒቱን አይመርጥም፤ በሌሊት ማን ቀስቅሶ ሙቀቱን እንደሚለካውም አይመርጥም። የውሻው ጉብኝት ግን ልጁ «አልፈልግም» ካለ የሚቀር፣ «ይምጣ» ካለ የሚሆን ነገር ነው። ከጥቅሙ ብዙው የሚመጣው ከዚህ ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ። ከታች ያሉትን ደረጃዎች የጻፍኳቸው እናንተ አስቀድማችሁ ተዘጋጅታችሁ የመጨረሻው ቃል የልጁ እንዲሆን ነው።

ስለ ፍርሃታችሁ

ፍርሃታችሁ ከባዶ የመጣ አይደለም። ባደግንበት አገር ውሻ ቀን ታስሮ ሌሊት የሚለቀቅ የግቢ ጠባቂ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ውሻ የነከሰው ሰው ወደ ፓስተር ይወሰድ ነበር፤ ሆድ ላይ በየቀኑ ለ14 ቀናት ይሰጥ የነበረውን መርፌ የሚያስታውስ ሰው ከብዙ ቤተሰብ አይጠፋም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሽታው በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጉ ሰዎችን ይገድላል፤ ከእነዚህም ከመቶ 99ኙ የሚያዙት ከውሻ ነው።

አሁን ያላችሁበት አገር ሁኔታ ግን ሌላ ነው። ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈው የበሽታው ዓይነት ከአሜሪካ መጥፋቱን የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማእከል እ.ኤ.አ. በ2007 አስታውቋል። በሽታው አሁንም በሌሊት ወፍና በሌሎች የዱር እንስሳት ላይ አለ፤ ለዚህም ነው ልጆችን ሊጎበኝ ወደ ሆስፒታል የሚገባ ውሻ ክትባቱን በጊዜው መውሰዱ በወረቀት የሚረጋገጠው።

በእርግጥ ምን ይጠቅማል?

ኒው ዮርክ ይሠራ የነበረ ቦሪስ ሌቪንሰን የተባለ የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ከሰው ጋር መነጋገር የከበደው አንድ ልጅ የሌቪንሰን ውሻ ከሆነው ከጂንግልስ ጋር ሲሆን እንደሚከፈት አስተዋለ። ይህን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለሙያ ባልደረቦቹ አቀረበ፤ ሥራው ዛሬ በየሆስፒታሉ ለምናየው መሠረት ከጣሉት አንዱ ነው።

ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ጥናቶች አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው፤ አቅጣጫቸው ግን ግልጽ ነው። በሚኒሶታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት፣ ከውሻ ጋር ጊዜ ያሳለፉ ልጆች ሕመማቸው የቀነሰው ለ15 ደቂቃ ዝም ብለው ካረፉት ልጆች በአራት እጥፍ ነበር። በኢንዲያናፖሊስ የድንገተኛ ክፍል ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት በሆኑ 80 ልጆች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ለአሥር ደቂቃ ያህል ውሻ የጎበኛቸው ልጆች ጭንቀት ካልተጎበኙት ይልቅ መቀነሱን አሳይቷል።

በአምስት ሆስፒታሎች ካንሰር ባለባቸው 106 ልጆች ላይ የተደረገው ጥናት ግን ለየት ያለ ነገር አገኘ። የልጆቹ ጭንቀት ውሻ በመጣላቸውም ባልመጣላቸውም ልጆች ዘንድ ቀነሰ፤ ልዩነቱ የታየው በወላጆች ላይ ነው። ውሻው በሚመጣበት ክፍል ያሉ እናቶችና አባቶች ጭንቀታቸው ቀለለ። ይህን ውጤት ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ልጅ አስታማሚ ወላጅ ሌሊቱን ወንበር ላይ ያነጋል፤ ልጁ ለአፍታ ሲስቅ ማየት ለእርሱም እረፍት ነው።

ውሻው በሽታ አያድንም። ኬሞቴራፒን፣ ቀዶ ሕክምናን ወይም ጸሎታችሁን አይተካም። እንዲህ ብሎ የሚነግራችሁ ሰው ካለ አትስሙት።

ደረጃ 1፦ የትኛው ዓይነት ውሻ እንደሆነ ለዩ

በአብዛኛው የሚመጣው የቴራፒ ውሻ ነው። ባለቤቱ በጎ ፈቃደኛ ነው፤ ውሻውና ባለቤቱ አብረው ተፈትነው እንደ ፔት ፓርትነርስ ባሉ ድርጅቶች ይመዘገባሉ። ሁለተኛው የሆስፒታሉ የራሱ ውሻ ነው፤ ለዚሁ ሥራ ሠልጥኖ ከሐኪሞችና ከነርሶች ጋር ሙሉ ቀን ይውላል፣ ማታ ከአንድ ሠራተኛ ጋር ወደ ቤት ይሄዳል። ሦስተኛው ማየት የተሳነውን ወይም ሌላ የአካል ጉዳት ያለበትን አንድ ሰው የሚረዳ አገልጋይ ውሻ ነው። ይህኛው ከባለቤቱ ጋር ወደ ሕዝብ መገልገያ ቦታዎች የመግባት መብት በሕግ አለው፤ በሥራ ላይ ስለሆነም አይነካም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ወደ ልጃችሁ ክፍል የሚገቡት በእናንተ ፈቃድ ብቻ ነው። እምቢ ብትሉ የምትጥሱት ሕግ የለም፤ የልጃችሁም ሕክምና አይጓደልም።

ደረጃ 2፦ ሐኪሙን በአስተርጓሚ ጠይቁ

ለዚህ ጥያቄ አስተርጓሚ መጥራት የተጋነነ አይምሰላችሁ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ በአካል፣ በስልክ ወይም በቪዲዮ ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛ የሚያውቀው ታላቅ ወንድም ወይም እህት እንዲያስተረጉሙ አታድርጉ። ስለ ታናሽ ወንድሙ ደም ቁጥር መስማት ለአሥር ዓመት ልጅ ከባድ ሸክም ነው።

ሐኪሙ ወይም ነርሷ እነዚህን እንዲመልሱላችሁ ጠይቁ፦

– ልጁ አስም ወይም የእንስሳ ፀጉር አለርጂ አለበት?
– ነጭ የደም ሕዋሱ ዛሬ ምን ያህል ነው? በኬሞቴራፒ ወይም በመቅኒ ንቅለ ተከላ ምክንያት የመከላከል አቅሙ የወረደ ልጅ ጉብኝቱን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ሊኖርበት ይችላል።
– ኢንፌክሽን እንዳይዛመት ተብሎ በተለየ ክፍል ነው የተኛው? ከሆነ ውሻው አይገባም።
– ቁስሉ፣ የቀዶ ሕክምናው ስፌት፣ በደረቱ የገባው የመድኃኒት ቱቦ በደንብ ተሸፍነዋል?
– ጣፊያው ወጥቷል? ጣፊያ የሌለው ሰው በውሻ ምራቅ ውስጥ ባሉ አንዳንድ ባክቴሪያዎች በጽኑ ሊታመም ስለሚችል፣ ይህን ሐኪሙ ሳያነሳው እናንተ አንሱት።

መልሱ በየቀኑ ሊለወጥ ይችላል። ሰኞ የተፈቀደለት ልጅ ሐሙስ ደሙ ሲታይ ሊከለከል ይችላልና፣ ጉብኝት በመጣ ቁጥር እንደገና ጠይቁ።

ደረጃ 3፦ ስለ ውሻው ጠይቁ

ብዙ ወላጅ «ይቀየሙኛል» ብሎ የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው። አይቀየሙም፤ ጥሩ የውሻ ባለቤት እንዲህ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። የእብድ ውሻ ክትባቱን መቼ ወሰደ? በዓመት አንድ ጊዜ በእንስሳት ሐኪም ይታያል? ጥሬ ሥጋ ይበላል? ጥሬ ሥጋ የሚበላ ውሻ እንደ ሳልሞኔላ ያሉ ባክቴሪያዎችን ሊያዛምት ስለሚችል በሆስፒታል ኢንፌክሽን ባለሙያዎች መመሪያ መሠረት መግባት የለበትም። ትናንት ወይም ዛሬ ታጥቧል?

የመጨረሻው ጥያቄ ትንሽ መስሎ ይታያል፤ ግን ከሁሉም ይበልጣል። በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ካንሰር የታመሙ 45 ልጆችን ተከታትለው ነበር። ከውሾቹ ጋር ብዙ የተቀራረቡት ልጆች ብዙ አንቲባዮቲክ የማይበግረው አደገኛ ባክቴሪያ ሊገኝባቸው የሚችልበት ዕድል ስድስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ከዚያም ውሾቹ ከጉብኝት በፊት በልዩ ሻምፑ እንዲታጠቡ፣ በጉብኝቱም መካከል በየአምስትና በየአሥር ደቂቃው ፀጉራቸው በማጽጃ ጨርቅ እንዲጠረግ ሲደረግ ችግሩ በእጅጉ ቀነሰ። ባክቴሪያው ብዙ ጊዜ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው፤ የውሻው ፀጉር ልጆቹ ሁሉ በየተራ የሚነኩት ስለሆነ ያመላልሰዋል። ስለዚህ እኔ ብሆን ከልጄ በፊት ስንት ልጅ እንደነካውና ከዚያ ወዲህ ፀጉሩ መጠረጉን ሳልጠይቅ አላስገባም።

ደረጃ 4፦ በቤተሰብ ውስጥ ተነጋገሩ

አያት ልጁን ለመጠየቅ ከአገር ቤት መጥተው ከሆነ በድንገት ከውሻ ጋር አታገናኟቸው። አስቀድማችሁ «እማዬ፣ ነገ ለልጁ የሚመጣ የተማረ ውሻ አለ። ልጁ ካልጠራው አልጋው ላይ አይወጣም። ካልተመቸሽ ያን ጊዜ አብረን ወደ ካፍቴሪያው እንወርዳለን» በሏቸው። ሽማግሌ ሰው በልጁ ፊት ጮኸው ከደነገጡ ልጁም ይደነግጣል፤ ለውሻውም ጥሩ አይደለም።

በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ዘንድ ውሻ ከቤተ ክርስቲያን የሚከለከል እንስሳ ስለሆነ፣ ጸበልና ሥዕል ባለበት ክፍል ማስገባት ብዙዎችን ይከብዳቸዋል። ቀላሉ መፍትሔ ጸበሉን፣ እምነቱንና ሥዕሉን ከአልጋው አጠገብ አንስቶ ቁም ሳጥን ውስጥ ወይም ከፍ ያለ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ልባችሁ አሁንም ካመነታ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። መጽሐፈ ጦቢትን የሚያነብ ሰው ጦብያ ከመልአኩ ሩፋኤል ጋር መንገድ ሲወጣ ውሻው አብሮት መሄዱን ያውቃል፤ ሩፋኤል ደግሞ ፈዋሹ መልአክ ነው።

በሙስሊም ቤተሰብ ዋናው ጉዳይ ምራቁ ነው። በሻፊዒ መዝሀብ (የሃይማኖት ሕግ ትምህርት) የውሻ ምራቅና እርጥበቱ ነጃሳ (ርኩስ) ስለሆነ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ፣ አንዱን ጊዜ በአፈር ይታጠባል፤ ሌሎች መዝሀቦች የሚለዩበት ነጥብ ስላለ ሼኻችሁን ጠይቁ። ይህ ማለት ግን ልጁ ውሻውን ጨርሶ አያየውም ማለት አይደለም። መስገጃውን አንሱ፤ ለባለቤቱም «ልጄን እንዳይልሰው፤ ከበሩ አጠገብ መሬት ላይ ይቀመጥልን» በሉት። ኳስ ሲይዝና ሲንከባለል ከሩቅ ማየት ብቻውን ልጅን ያስቃል። በቁርኣን ያለውን የአስሓቡል ካህፍን (የዋሻውን ሰዎች) ውሻ ታሪክ ለልጁ መንገርም የሚያምር መግቢያ ነው።

ደረጃ 5፦ ልጁን ጠይቁት

ከሁሉም ደረጃዎች ይህን በደንብ አድርጉ። ሌላው ቢጓደል ነርሷ ታስተካክለዋለች፤ ይህን ግን ከእናንተ በቀር በሚገባ የሚያደርገው የለም።

ልጁ በሚቀለው ቋንቋ ንገሩት። አማርኛም ይሁን እንግሊዝኛ፣ በሕመም ላይ ሆኖ ቃል መፈለግ የለበትም። የሚመጣውን በእውነት ንገሩት፦ «ነገ ከሰዓት አንድ ትልቅ ቡናማ ውሻ ልጆችን ሊጠይቅ ይመጣል። ከፈለግህ ይገባል። ካልፈለግህ አይገባም። ከገባ በኋላም በቃኝ ካልህ ወዲያው ይወጣል።» መጠኑንና ቀለሙን አስቀድማችሁ ከነርሷ ጠይቁ። ብዙ ሆስፒታሎች የውሻው ፎቶ ያለበት ትንሽ ካርድ ስላላቸው እርሱን አሳዩት።

ልጁ «እሺ» ካለ ምን ያህል እንዲቀርበው ራሱ ይምረጥ። በሩ ላይ ብቻ ቆሞ ይታይ? ክፍሉ ውስጥ ገብቶ መሬት ላይ ይተኛ? አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ ይቀመጥ? ወይስ አልጋው ላይ? ከሩቁ ጀምሩና ልጁ ሲጠራው ብቻ አቅርቡት። ቱቦ አፉ ውስጥ ስላለ መናገር የማይችል ልጅ ከሆነ፣ አውራ ጣት ወደ ላይ «ይምጣ»፣ መዳፍ መዘርጋት «ይቁም» እንዲሆን ተስማሙ፤ ምልክቱን ለውሻው ባለቤትም ንገሩት።

ከሦስት ነገሮች ተቆጠቡ። የመጀመሪያው ውሻውን ጉቦ ማድረግ ነው፤ «መርፌውን ዝም ብለህ ከተወጋህ ውሻው ይመጣል» የተባለ ልጅ ቢያለቅስ ቅጣት የሚጠብቀው ይመስለዋል። ሁለተኛው «ምንም አያደርግህም» እያሉ እጁን ይዞ ወደ ውሻው መግፋት ነው። ሦስተኛው ቤት ውስጥ ከለመድነው ነው፦ ልጅን በውሻ ማስፈራራት። «ዝም በል፣ ውሻው ይመጣል» ሲባል ያደገ ልጅ ሆስፒታል ውስጥ ውሻ ሲያይ ምን እንደሚያስብ መገመት አያዳግትም።

ልጁ እምቢ ካለ ደስ ይበላችሁ እንጂ አትዘኑ። «እሺ ልጄ፣ አንተ እንዳልህ» በሉት፤ በሩ ሲዘጋም ቃሉ መከበሩን በዓይኑ ይይ።

እኛ ለማስረዳት ከተቸገርን የምንጠራው ባለሙያ አለ። በየሕፃናት ሆስፒታሉ «ቻይልድ ላይፍ» እየተባሉ የሚጠሩ ሠራተኞች ልጆችን በጨዋታ ለምርመራና ለቀዶ ሕክምና ያዘጋጃሉ፤ የውሻ ጉብኝቱንም አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተባብሩት እነርሱ ናቸው። ውሻው ራሱ ካልመጣላችሁም ጉብኝት የሚጠየቀው በእነርሱ በኩል ነው።

ደረጃ 6፦ ጉብኝቱ

ውሻው ከመግባቱ በፊት ልጁን «ሕመምህ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁና ጻፉት። ምግቡን አንሱ። በክፍሉ ያለ ሰው ሁሉ እጁን ያጽዳ። ውሻው አልጋ ላይ የሚወጣ ከሆነ በላዩ ሌላ ንጹሕ አንሶላ ወይም ውሃ የማያስገባ ምንጣፍ ይነጠፍ፤ ጉብኝቱ ሲያበቃ ይነሳል።

ልጁ ጀርባውን ወይም ትከሻውን ይደባብሰው፤ ከአናቱ በላይ እጅን ማንሳት ውሻን ያስደነግጣል። ፊቱን አይላሰው፣ አፉን አይሳም፣ ቁስልና ቱቦ አይንካ። ምግብ አትስጡት። ውሻው ሲያዛጋ፣ ከንፈሩን ደጋግሞ ሲልስ፣ ፊቱን ሲያዞር ተጨንቋል ወይም ደክሞታል ማለት ነው፤ ለባለቤቱ መንገር ነውር የለውም። በሆስፒታል ኢንፌክሽን ላይ የሚሠሩ የአሜሪካ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት መመሪያ አንድ የጉብኝት ዙር ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው ከዚያ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ነው።

ስልካችሁን ወዲያው አታውጡ። መጀመሪያ ልጁን እዩት፣ ስሙትም። ለሐኪሙ «ደህና ነኝ» ያለ ልጅ ለውሻው «እዚህ ጋ ያመኛል» ብሎ ሆዱን ሊያሳየው ይችላል። ያን የሰማ ወላጅ ለነርሷ ይንገር።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ አልነሳም ላለ ልጅ ደግሞ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ውሻው ባለበት ሰዓት እንዲመጣ ጠይቁ። በውሻው አንገት ላይ ሁለት ማሰሪያ ይደረጋል፤ አንዱን ባለቤቱ፣ ሌላውን ልጁ ይዞ በኮሪደሩ ይሄዳሉ። እጁ የደከመ ልጅ ፀጉሩን ያበጥርለታል፣ ኳስ ይወረውርለታል። ልጁ ውሻ እያንሸራሸረ ነው የሚመስለው፤ ባለሙያው ግን እርምጃውን እየቆጠረ ነው።

ደረጃ 7፦ ውሻው ከሄደ በኋላ

የልጁን እጅ በሳሙና እጠቡ፤ ካልተቻለ በአልኮል አጽዱ። አንሶላውን ቀይሩ። ቆዳው ላይ ጭረት ካለ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ለነርሷ አሳዩ። በሚቀጥሉት ሰዓታት ማስነጠስ፣ የዓይን ማሳከክ፣ የቆዳ ሽፍታ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ ወዲያው ጥሩ። የሕመሙን ቁጥር እንደገና ጠይቃችሁ ከፊተኛው አጠገብ ጻፉት። ከሁለትና ከሦስት ጉብኝት በኋላ ለእናንተ ልጅ ይጠቅም ወይም አይጠቅም እንደሆነ ከማንም ጥናት ይልቅ ያ ወረቀት ይነግራችኋል።

ከሆስፒታል ስትወጡ

ልጁ «እኛም ውሻ እንግዛ» ማለቱ አይቀርም። ለማጽናናት ብላችሁ የማትፈጽሙትን ቃል አትግቡ። በኬሞቴራፒ ላይ ያለ ልጅ ቤት ውስጥ አዲስ እንስሳ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙ መጠየቅ አለበት፤ ቡችላ ደግሞ ከትልቅ ውሻ ይልቅ ይናከሳል፣ ይቧጭራል።

አገር ቤት ለመሄድ የምታስቡ ከሆነ ሌላ ነገር ይከተላል። ሆስፒታል ውስጥ ውሻ የወደደ ልጅ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር ወይም ደሴ መንገድ ላይ ያገኘውን ውሻ ሮጦ ሊደባብስ ይችላል። ከመሳፈራችሁ በፊት ተቀመጡና ንገሩት፦ ያኛው ውሻ የተከተበ፣ የታጠበ፣ ባለቤቱ ያስተማረው ነው፤ እዚያ የምናያቸውን ግን፣ የአክስትህ ግቢ ውስጥ ያለውንም ጭምር፣ ሳትጠይቀኝ አትነካም። ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ደብቆ እንዳያቆይ፣ እንደማትቆጡት አስቀድማችሁ አረጋግጡለት። ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃና በሳሙና እጠቡትና በዚያው ቀን ክትባት ወዳለበት ጤና ተቋም ውሰዱት። ከጉዞው አንድ ወር ቀደም ብላችሁ ደግሞ ልጁ የእብድ ውሻ በሽታ ቅድመ መከላከያ ክትባት ያስፈልገው እንደሆነና አሁን ያለበት ሕክምና ይፈቅድ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ።